የትርሲት እጅ

ብሔራዊ የባድሚንተን ቡድናችን በአህጉሩ ሻምፒዮና ከመጀመሪያው ዙር አልፎ አያውቅም ነበር። የእጅ ችሎታን ከሰው ወደ ሰው ማዛወር ሲፈቀድ፣ አሠልጣኙ አንጋፋዋን ተጫዋች ትርሲትን የእጇን ችሎታ ለወጣቷ ቤዛዊት እንድትሰጥ ለመናት። "ለአገሬ ከሆነ ይሁን" አለች። ቤዛዊት በዚያው ዓመት ዋንጫውን ይዛ ተመለሰች።

ልታመሰግን ትርሲት ቤት ስትመጣ፣ የትርሲት ልጅ፣ የስድስት ዓመቷ ሶልያና፣ ጸጉሯን ፈትታ ጎረቤት እስኪሠራላት ትጠብቅ ነበር። እናቷ ከዝውውሩ ወዲህ ሹሩባ መሥራት ጠፍቶባታል።

"ነይ፣ እኔ ልሞክር" አለች ቤዛዊት። "ሠርቼ ግን አላውቅም።"

ጣቶቿ ግን ያውቁ ነበር። ከሶልያና ግንባር ጀምረው ቀጭን ቀጭን አድርገው ጎነጎኑ። ጆሮዋ ሥር ሲደርሱ ቆም ብለው፣ ማንም ሳያዛቸው፣ የልጅቷን አንገት ዳበስ አደረጉ።

ቤዛዊት ደነገጠች። ሶልያና ግን ዓይኗን ጨፍና የቤዛዊት ጉልበት ላይ ተደገፈች።

"እማዬ" አለች።

"ወዬ፣ የኔ ልጅ" አለች ትርሲት ከሶፋው ላይ።

"አንቺን አይደለም።"