የነጠላው ጫፍ

«ለክራር ነው የመጣነው» ይላሉ እትዬ እታገኝ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው። መርካቶ ምናለሽ ተራ፣ የዘይኑዲን ጠባብ የሙዚቃ መሣሪያ ሱቅ በር ላይ ቆመዋል። በአንድ እጃቸው ቦርሳቸውን ብብታቸው ሥር አጥብቀዋል፣ በሌላው የልጅ ልጃቸውን የሎዛን የእጅ አንጓ ይዘዋል።

ዘይኑዲን የዋሽንት ቀዳዳ የሚበሳበትን መሰርሰሪያ ያስቀምጥና ወደ ልጅቷ ጎንበስ ይላል። «የቱን ላውርድልሽ?»

«ክራሩን አውርድላት።» የሚመልሱት እትዬ እታገኝ ናቸው። ሎዛ ስትናገር ድምፅዋ በአፍንጫዋ ይወጣል፤ ሰው «ምን አልሽ?» ብሎ ደግሞ እንዳይጠይቃት ሁልጊዜ እሳቸው ይቀድሟታል።

ስትወለድ ላንቃዋ ክፍት ነበር። ከውጭ ለሚያያት ምንም የላትም፤ የጠጣችው ወተት ግን በአፍንጫዋ ተመልሶ ይወርድ ነበር። እትዬ እታገኝ ቀና አድርገው ይዘዋት፣ በማንኪያ ጠብ እያደረጉላት፣ የተመለሰውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ አሳደጓት። ኋላ ላንቃዋ ተሰፋ። ሐኪሙ ድናለች፣ ትንሽ አየር ብቻ ያመልጣት ይሆናል አለ። እሳቸው ከዚያ ሁሉ ይዘው የቀሩት «ተሰፋ» የምትለዋን ነው። የተሰፋ ነገር ደግሞ ሊተረተር ይችላል። ስለዚህ ሎዛ ፊኛ ነፍታ አታውቅም። የልደቷን ሻማ እንኳ እፍ ብለው የሚያጠፉት እሳቸው ናቸው።

አሁን ደግሞ ትምህርት ቤቷ ውስጥ የሙዚቃ ክበብ ተከፈተና፣ ሰኞ ሁሉም መሣሪያውን ይዞ ይምጣ ተባለ። ሎዛ ዋሽንት ብላ አለቀሰች። እሳቸው ክራር አሉ። አፍ የማይነካው እሱ ነው።

ክራሩ ይወርዳል። ሎዛ አንዱን ክር በጣቷ ነካ ታደርገዋለች፤ ዓይኗ ግን ቆርቆሮ ውስጥ የቆሙት ዋሽንቶች ላይ ነው፤ ዘይኑዲን ከውኃ ቧንቧ ቁራጭ የሠራቸው።

«ያንን ልሞክር» ትላለች፣ ራሷ።

«አይሆንም» ይላሉ አያቷ። «ስፌቷ አለ።»

«ትሞክረው እትዬ» ይላል ዘይኑዲን። «እኔ ሳይሞከር ዕቃ አልሸጥም። ክራሩም ቢሆን ያው ነው።»

«የስንቱ አፍ ነክቶታል?»

«አሁን ከመሰርሰሪያው ሥር ነው የወጣው። እንኳን አፍ፣ ዝንብ አላረፈበትም።»

ሎዛ ዋሽንቱን ዘንበል አድርጋ ከከንፈሯ ጥግ ታስጠጋለች። ጣቶቿ ቀዳዳዎቹን ሳይፈልጉ ያገኟቸዋል።

እትዬ እታገኝ ይህ አያመልጣቸውም። «ይሄን ማን አሳየሽ?»

«ጸሎት። አብራኝ ትማራለች። በእረፍት ሰዓት የሷን ትሰጠኛለች።»

«ስንት ጊዜ?»

ሎዛ ትነፋለች። ድምፁ ብቅ ይልና ወዲያው ይከስማል፤ አየሩ በአፍንጫዋ ፍሽሽ እያለ ያመልጣታል። ደግማ ትነፋለች። ያው ነው። ከጎን የፕላስቲክ ዕቃ የምትሸጠው ውባንቺ አንገቷን ታሰግጋለች። የእትዬ እታገኝ ፊት ይግላል። ሰው ሊስቅባት ነው፣ እዚሁ መሀል መርካቶ። ልጅቷ ግን ዓይኗን ጨፍና እንደገና ትነፋለች። አፍንጫዋ ጫፍ ላይ እርጥበት ይታያል።

እትዬ እታገኝ አያስቡትም። እጃቸው በራሱ የነጠላቸውን ጫፍ ይዞ ይሄዳል፤ እንደዚያ እንደ ወተቱ ጊዜ ሊጠርግ፣ አፍንጫዋን በሁለት ጣት ጥብቅ አድርጎ ይይዛል።

ዋሽንቱ ይዘፍናል።

ረጅም ድምፅ ነው፣ ጠራ ያለ። የአካባቢውን ቆርቆሮ ቀጥቃጮች ጫጫታ ሰንጥቆ ያልፋል። ውባንቺ የያዘችውን ባልዲ ታስቀምጣለች።

እትዬ እታገኝ እሳት እንደነካ ሰው እጃቸውን ይሰበስባሉ። «አፍሽን ክፈቺ።»

«እምዬ፣ ሰው እያየ።»

«ክፈቺ አልኩሽ።»

ሎዛ ወደ ብርሃኑ ዞራ ትከፍታለች። አያቷ አገጯን ይዘው ለረጅም ጊዜ ያያሉ። ላንቃዋ ድፍን ነው። ደም የለም፣ የተከፈተ ነገር የለም። ትናንት እንደነበረው ነው።

«አመመሽ?»

«አላመመኝም። ያዢልኝ በቃ።»

ይይዙላታል።

ውባንቺ አረንጓዴ የልብስ መቆንጠጫ ይዛ ትመጣለች። «እትዬ፣ በዚህ ቢሆንስ? እጅዎን ይደክምዎታል።»

«ልጄን እንደ ካልሲ ልትሰቅያት ነው?»

ሎዛ ዋሽንቱ ውስጥ ትስቃለች፤ የእንቁራሪት ዓይነት ድምፅ ይወጣል።

«ታዲያ ሰኞ ማን ሊይዝላት ነው?» ትላለች ውባንቺ። «ክበቡ ውስጥ እርስዎን አይመዘግቡም።»

ይሄን እትዬ እታገኝ አላሰቡትም። መቆንጠጫውን ይቀበሉና በራሳቸው ጣት ላይ ይሞክሩታል። ፊታቸውን ያጨማድዳሉ። «ይነክሳል።»

«ጥርሱ ላይ ጨርቅ እጠቀልልበታለሁ» ይላል ዘይኑዲን።

«ለስላሳ ጨርቅ ይሁን።» መቆንጠጫውን ይሰጡታል። ሰኞ የሰኞ ነው። ለዛሬ ጣታቸው አለ፤ ወደ ቦታው ይመልሱታል።

«ክራሩን መልሼ ልስቀለው?»

እጃቸው እንዳይነቃነቅ በዓይናቸው ብቻ እሺ ይሉታል።

ሎዛ ትጫወታለች። ከጸሎት የተማረችው አጭር ዜማ ነው፤ ያልቅና እንደገና ትጀምረዋለች። ከወዲያ አንድ ተሸካሚ ከቁመቱ የሚበልጥ ፍራሽ በራሱ ላይ ጭኖ «ዞር በሉ፣ ዞር በሉ» እያለ ይመጣል። ሌላ ቀን ቢሆን እትዬ እታገኝ ገና ከሩቁ ልጅቷን ጎትተው ግድግዳ ላይ ይለጥፏት ነበር። አሁን ንቅንቅ አይሉም። ተሸካሚው አጠገባቸው ደርሶ ይቆማል፤ አሮጊቷን፣ ልጅቷን፣ አፍንጫዋ ላይ ያለውን ነጠላ ያያል። ከዚያ ፍራሹን ወደ አንድ ጎን ያዘነብልና ቀስ ብሎ ይዞራቸዋል።