የሙጂብ ታንኳ

ሚስራ የባል ሐዘን ወራቷን፣ ዒዳዋን፣ ጨርሳ ከቤት የወጣች ዕለት በመጀመሪያ የሄደችው ወደ ረግረጉ ነበር። የሟች ባሏ የሙጂብ ታንኳ፣ ከግንድ የተቦረቦረችው፣ እዚያ ዳር ላይ ታስራ ነበር።

ሙጂብ የሞተው በክረምት ነው። ሣር ለማጨድ ማዶ ተሻግሮ ሳለ ትኩሳት ያዘው፤ በማግስቱ አለፈ። ውሃው ሞልቶ ስለነበር እዚያው ማዶ ቀበሩት። መርዶውን ያመጣው ጓደኛው ኸይረዲን ነበር። ታንኳዋን ከራሱ ጀልባ ኋላ አስሮ እየጎተተ መለሳት። ልብሱንም አመጣላት፤ ታጥቦ፣ ተጣጥፎ፣ የተቀደደው እጅጌ ተሰፍቶ። ሚስራ ልብሱን አቅፋ አለቀሰች፤ ኸይረዲንንም አመሰገነችው።

አሁን የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መቃብሩን ማየት። በየብስ ዞሮ መሄድ ግማሽ ቀን ያስኬዳል፤ ጉልበቷ ደግሞ አይችልም። በሱ ታንኳ ብትሻገር ግን አብራው የሄደች ያህል ይሆንላታል። በሕይወቱ ሳለ አንድም ቀን አሳፍሯት አያውቅም። «አንቺ ውሃ ትፈሪያለሽ» ይላት ነበር። ያደገችው ቦርከና ወንዝ ዳር ነው፤ ውሃ ፈርታ አታውቅም። ቢሆንም አልተከራከረችውም።

ቀኑ ቅዳሜ ነበር። ወንዶቹ እንደ ልማዳቸው ጀልባቸውን እያወዳደሩ ነው። አንዱ የሌላውን ይዞ እስከ ደንገሉ ይቀዝፍና ሲመለስ እንከኑን ይዘረዝራል።

«ይቺ ጀልባ ናት ወይስ የዘይት ሱቅ?» አለ ጎሚስታው ዘመድኩን፣ ከኸይረዲን የጀሪካን ጀልባ ላይ እየወረደ። «መቅዘፊያውን ባስገባሁ ቁጥር ትንኳኳለች።»

«ያንተው የመኪና ጎማ ከመነዳሪ ይሻላል?» አለ ኸይረዲን። «አንድ እሾህ ካገኘው እየዋኘህ ነው ኬሚሴ የምትገባው።»

ሚስራን ሲያዩ ሳቃቸው ተቋረጠ።

«አካም ቡልቴ፣ ሚስራ? አላህ ሶብሩን፣ ጽናቱን ይስጥሽ» አለ ኸይረዲን።

«አሚን። ማዶ አሻግሩኝ፤ በሙጂብ ታንኳ።»

ሁለቱ ተያዩ። ኸይረዲን ሊሞክራት ብቻውን ታንኳዋ ውስጥ ገባና ከኋላ ካለችው መቀመጫ ላይ ተቀመጠ። ሌላ መቀመጫ የላትም። ጥቂት እንደቀዘፈ የታንኳዋ አፍንጫ ወደ ላይ ተነሳ። ነፋሱ አፍንጫዋን መትቶ አዞራት። ቀጥ ሊያደርጋት ታገለ፤ እንደገና ዞረች። ተመለሰ።

«ግንዷ ጠሟል» አለ ላቡን እየጠረገ።

ዘመድኩንም ሞከረ። እሱም እንደ ወፍጮ ሲዞር ቆይቶ ተመለሰ።

«ይሄ እኮ ቀላል ነው፤ ፊቷ ላይ ክብደት ቢ…» ሲል ኸይረዲን በክርኑ ጎሸመው።

ሚስራ ይህን አየች።

«ለኔ ስጪኝ» አለ ኸይረዲን። «በምትኩ የኔን ውሰጂ። ይቺ ለከብት ውሃ ማጠጫ እንጂ ለሌላ አትሆንም።»

«በሐዘኔ ጊዜ ‹የሙጂብ ታንኳ ውሃውን እንደ ምላጭ ነው የምትቀድደው› ስትል አልነበር?»

«ያኔ ሙጂብ ነበራ የሚቀዝፋት።»

«እሺ፣ በራስህ ጀልባ አሻግረኝ።»

«ዛሬ ነፋስ ነው። በሌላ ቀን፣ ኢንሻላህ።»

ሌላ ቀን ስትመጣ ጀሪካኑ አፈሰሰ አላት። ከዚያ ደግሞ የጨፋ ሮቢት ገበያ ቀን ነው አለ። ሚስራ ቤቷ ገብታ በሯን ዘጋች። ሙጂብ እያለ ሁሉም የሚቀናባት ታንኳ እሱ ሲሞት ከንቱ ሆና ቀረች፤ ከንቱ ከሆነችስ ኸይረዲን ለምን ይፈልጋታል? የሚያማክራት ሰው አልነበረም። እንዲህ ያለውን ነገር ስታወራ የኖረችው ከሙጂብ ጋር ነው።

በቀጣዩ ቅዳሜ ማንንም ሳታስፈቅድ ገመዱን ፈታች። ኸይረዲን ከሩቅ አይቷት እየሮጠ መጣ።

«ሚስራ! ተይ ወላሂ ትገለብጥሻለች!»

«በቁሜ ልትወርሰኝ ነው?» አለችው። «ባሌን አፈር አለበስኩ እንኳ አላልኩም። መቃብሩን አላየሁም። ታንኳውንም ልትነጥቀኝ ነው?»

ኸይረዲን አንገቱን ደፋ።

ከኋላ ተቀምጣ ቀዘፈች። የታንኳዋ አፍንጫ ተነሳ፤ ነፋሱ አዞራት። በሌላ ጎን ቀዘፈች፤ በሌላ ጎን ዞረች። ክንዷ እስኪዝል ታገለች። ማዶው እንደ ድሮው ሩቅ ነበር። በመጨረሻ ነፋሱ ራሱ ገፍቶ ወደ ዳር መለሳት። መቅዘፊያውን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ማልቀስ ጀመረች።

በዚህ መሀል ዘመድኩን በከመነዳሪው አንዲት ሴት አሳፍሮ ከማዶ መጣ። ሚስራን ሲያይ መቅዘፉን አቆመ። ሴትዮዋ ግን ውሃው ጉልበቷ ላይ ሲደርስ ወረደችና ዳር ወጥታ ቆመች። ከሚስራ በዕድሜ ታንሳለች። ነጠላዋ ጥቁር ነው። ታንኳዋን አየቻት፤ ከዚያ ሚስራን።

«ከማዶ ነሽ?» አለቻት ሚስራ እንባዋን እየጠረገች።

«አዎ።»

«መቃብሩን ታውቂዋለሽ? የሙጂብን?»

«አውቀዋለሁ።»

«ገበያው ይረፍድብሻል፤ ሂጂ» አለ ኸይረዲን ቶሎ ብሎ።

ሴትዮዋ አልሰማችውም። የላስቲክ ጫማዋን አውልቃ እጇ ላይ ያዘች፤ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ወደ ታንኳዋ ገባችና ከፊት፣ ወለሉ ላይ፣ እግሯን አጥፋ ተቀመጠች። የታንኳዋ አፍንጫ ዝቅ አለ። ታንኳዋ ውሃው ላይ ልክክ ብላ ተስተካከለች።

«ቅዘፊ እቴ» አለቻት ዞር ሳትል፤ «ሙጂብ እኔን የሚያስቀምጠኝ ሁልጊዜ እዚህ ነበር።»