ግራ እጅ ወደ ላይ

ነርሷ ማይክራፎኑን ወደ ሕዝቡ አዞረችው። «ትናንት ከተከተባችሁ በኋላ ያመመው፣ ያበጠበት ወይም ያተኮሰው ካለ እዚህ መጥቶ ይናገር። ክኒን ይዣለሁ» አለች። በቀበሌው አዳራሽ የተሰበሰበው ሁሉ ጣሪያ ጣሪያውን አየ። ሊቀመንበሩ «ክትባቱ የአብዮቱ ዘመቻ ነው» ብለው ገና መቀመጣቸው ነው፤ የአብዮት መርፌ አመመኝ ብሎ ማን ይነሳል?

ቀፊራ ገበያ ቲማቲም የምትሸጠው ዳሃቦ ክንዷ አብጦ ሌሊቱን ስታቃስት ነው ያደረችው። ጎረቤቷ ቱሪያ በክርኗ ጎሰም አደረገቻት። «ተናገሪ እንጂ አንቺ!»

«ወላሂ፣ እኔ ምንም የለኝም» አለች ዳሃቦ፣ እብጠቱን በሻሿ እየሸፈነች።

ሊቀመንበሩ ደስ ብሏቸው ማይክራፎኑን ተቀበሉ። «አየሽ ጓድ ነርስ፣ አንድም የታመመ የለም! በሉ ጓዶች፣ በመፈክር እንዝጋ። ግራ እጅ ወደ ላይ! ኢምፔሪያሊዝም ይውደም!»

ሁሉም የተወጋው ግራ ክንዱን ነበር። የማንም ቡጢ ከደረቱ አላለፈም። አዳራሹ በአንድ ድምፅ አቃሰተ፤ ከሁሉ የጎላው ግን በማይክራፎኑ የወጣው የሊቀመንበሩ «እህህ» ነበር፤ ቀፊራ ድረስ ተሰማ።

«አመሰግናለሁ ጓዶች፣ ሪፖርታችሁ ደርሶኛል» አለች ነርሷ። የመጀመሪያውን ክኒን ለሊቀመንበሩ ዘረጋችላቸው። በቀኝ እጃቸው ተቀበሏት።