አይጥ የበላው እንጨት

የግራሞፎኑ ጡሩምባ ጠፋ። እንደ መርፌ ሶፋ ሥር የሚገባ ነገር አይደለም፤ አፉ ብቻ ሕፃን ልጅ ያስተኛል።

ትልቁ ልጅ ሌባ ፍለጋ ሩቅ አልሄደም። የእህቱ ባል ቆርቆሮ ሠሪ ነው። ጓሮ ባለችው ክፍል ከሚስቱ ጋር ይኖራል፤ ቀኑን ሙሉ ሲቀጠቅጥ ይውላል።

"ቆራርጦ ባልዲ አድርጎታል" አለ ትልቁ ልጅ። "ዛሬ ሬዲዮ ጠጋኙ መጥቶ የግራሞፎኑን የዕቃ ሳጥን ዘርግፎ አንድ በአንድ ይለያል። ጡሩምባው ከሳጥኑ ካልወጣ፣ ሳይመሽ ክፍሏን ይለቃል።"

"ኧረ ጋሼ፣ በእጄም አልነካሁት!" አለ ቆርቆሮ ሠሪው።

ጠጋኙ ዝናብ እያባረረው ደረሰ። በረንዳው ላይ ጃንጥላውን ሲያራግፍ፣ ከአሽንዳው ሥር ያለችውን አፈ ሰፊ አረንጓዴ የውሃ መቀበያ አየ። ዝናቡን እየሰበሰበች በርሜሉ ውስጥ ታንቆረቁራለች።

"ጎሽ፣ አሳምረህ ሠርተሃታል" አለው ቆርቆሮ ሠሪውን።

"የእኔ ሥራ አይደለችም።"

"ሰማህልኝ?" አለ ትልቁ ልጅ። "የሠራውንም ይክዳል። አመሉ ነው።"

ሳሎን ውስጥ ሽማግሌው አባት ከግራሞፎኑ አጠገብ ተቀምጧል። ጠብ የሚባል አይወድም፤ ለተባለው ሁሉ ፈገግ ብሎ ራሱን በአዎንታ ይነቀንቃል። ቀልድ ሲወራም፣ ሰው ስቆ ሲጨርስ ነው እሱ የሚጀምረው።

ጠጋኙ ሳጥኑን ዘረገፈ።

"ይሄ የሞተሩ መክደኛ ነው። ይሄ የማዞሪያው እጀታ። ይሄ ካቻቢቴ ደግሞ ከአባባም ዕድሜ ይበልጣል፤ ተነሡለት!"

ሁሉም ሳቁ። ቆየት ብሎ ሽማግሌው ሳቀ።

ከታች አንድ ቀጭን እንጨት ወጣ። ጫፉ ላይ የግራሞፎን መርፌ ተሰክቷል፤ ሌላው ጫፉ ተቦጫጭሯል።

"ይሄስ?" አለ ትልቁ ልጅ።

"እኔ እንጃ። እንዲህ ያለ ዕቃ አይቼ አላውቅም። አይጥ በልቶታል፤ አይጡም አልጣመውም መሰለኝ ትቶታል።"

ሊጥለው ሲል ሽማግሌው አረንጓዴ ቀለም በነካካው እጁ ቀበል አደረገና ኪሱ ከተተው።

"ተውለት፣ አርጅቷል" አለ ትልቁ ልጅ። "ሞተሩስ እንዴት ነው?"

"ጤነኛ ነው። ዘይት በዘይት ሆኗል። ማነው የሚያዞረው?"

"ማን ያዞረዋል! ያለ ጡሩምባ ምን ሊሰማ?"

ሳጥኑ አለቀ። ጡሩምባው የለም።

ልጅቷ አባቷ እግር ሥር ተንበርክካ ፊቷን ጉልበቱ ላይ ደፋች።

"አባባ፣ የቀረን ያንተ ቃል ብቻ ነው። ባሌ ጡሩምባህን ወስዷል?"

ሽማግሌው ፀጉሯን ዳበሰ። ፈገግ አለ። ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።

"በቃ!" አለ ትልቁ ልጅ። "ከዚህ ወዲያ ምን ምስክር አለ?"

ቆርቆሮ ሠሪው ወደ ጓሮ ክፍሉ ሄደ። ፍራሹን ጠቀለለ። ዝናቡ አላባራም።

ልጅቷ የሳሎኑ በር ላይ ቆመች። "አባባ፣ ሄድን።"

ሽማግሌው አንድ ሸክላ በእጅጌው ይወለውላል።

"አባባ!" ብላ ጮኸች። ፊቱን ወደ ግራሞፎኑ እንዳዞረ ነው።

"ተቀይሟችኋል" አለ ወንድሟ፤ በሩንም ዘጋው።

ሽማግሌው ሸክላውን አስቀመጠ፣ እጀታውን አዞረ፣ እንጨቱን ከኪሱ አውጥቶ መርፌውን ሸክላው ላይ አሳረፈ፤ ከዚያ ሌላውን ጫፍ በጥርሱ ነክሶ ዓይኑን ጨፈነ፣ ዘፈኑ በጥርሱ በኩል ሲገባለት እግሩም አብሮ ወለሉን መምታት ጀመረ።