የአቶ ይርዳው የሕይወት ታሪክ

ልቦለድ ስለምጽፍ የሰፈራችን እድር የሟቾችን የሕይወት ታሪክ የሚያስጽፈው እኔን ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ስም እየቀየርኩ ያንኑ ውሸት ጻፍኩ፦ ደግ፣ ሰው አክባሪ፣ ለተቸገረ ደራሽ።

አጥሩን ገፍቶ ግቢዬን የወሰደው፣ ውሻዬን በመርዝ የገደለው አቶ ይርዳው ሲሞት ግን እውነቱን ጻፍኩ። አንድም ክፋቱን ሳላስቀር እንደ ወትሮው በፖስታ አሽጌ ለእድሩ ሰጠሁ። ቀብሩ ላይ የሰዉን ፊት ልይ ብዬ ከእድሩ አንባቢ ከጋሽ ሞላልኝ ጎን ቆምኩ።

«ደግ፣ ሰው አክባሪ፣ ለተቸገረ ደራሽ...» አሉ ጋሽ ሞላልኝ። የሟች ሚስት አለቀሰች።

አንገቴን አስግጌ ወረቀቱን አየሁ። የእድሩ የድስትና የወንበር ዝርዝር ነው።

«የእኔስ ጽሑፍ?» አልኳቸው በሹክሹክታ።

«ቤት ነው» አሉ፤ «ፖስታው እንደታሸገ፣ ከሌሎቹ ጋር።»