ወደ ግራ የተገመደው

የአሕመዲን በሬ ማክሰኞ ቀን ከበረቱ ተሰረቀ። ሌባው ይዞት የመጣው ገመድ ተበጥሶበት ኖሮ፣ ቁራጩ ከሞርሲቶ ከተማ በታች ወንዝ ዳር ተገኘ። ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው አዩትና፣

«እስከ ዓርብ ሽንጎ ሽብሩ ዘንድ በአደራ ይቀመጥ» አሉ። «እሱ እንደሆነ ሰው አይደለም፣ ግድግዳ ነው። አይናገርም።»

ሁሉም ሳቁ። ሽብሩ አልሳቀም። ገመዱን ሲቀበል ዓይኑ አዟዟሩ ላይ ቀረ።

ዕድሜውን ሙሉ የእንሰት ቃጫ ሲገምድ የኖረ ሰው ነው። በቀኝ እጁ ጭኑ ላይ እያሸ የሚገምድ ሰው ገመዱ ወደ ቀኝ ይዞራል። ይሄኛው ወደ ግራ ዞሯል። በዚያ አገር በግራ እጁ የሚገምድ እሱ የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ልጁ ቲቶ።

እንሰቱ መሀል ተደብቆ ገመዱን ገለበጠው። ጫፉን ወዲያ፣ ሥሩን ወዲህ አደረገው። ያው ግራ ነው። ምን ቢያገላብጡት፣ መስታወት ውስጥ ካላዩት በቀር የግራው ቀኝ አይሆንም።

ቲቶ ደግሞ ደቡብ አፍሪካ ልሂድ ካለ ወዲህ ወሬው ሁሉ ለሚያሻግረው ደላላ የሚከፍለው ገንዘብ ነው።

«ማክሰኞ የት ዋልክ?» አለው ሽብሩ።

«ሆሳዕና። ነገርኩህ እኮ አባባ።»

«ማን አየህ?»

«ምነው፣ ፖሊስ ሆንክ እንዴ?» ቲቶ ሳቀ። ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ፤ ዓይኑንም ከአባቱ አሸሸ።

ሽብሩ ልጁን ትቶ ወጣ። እስሩስ ይሁን፣ አንድ ቀን ይፈታል። ሌባ የወጣበት ቤት ግን ለቀብሩ እንኳ ሰው አይመጣለትም።

ሐሙስ ቤቱ ጭር ሲል በሩን ዘጋ። የሽማግሌ አደራ በልቶ አያውቅም። ገመዱን ፈታው፤ ቃጫውን በውሃ አራሰው፤ በቀኝ እጁ ወደ ቀኝ ገመደው። ኮሽ ባለ ቁጥር እየደነገጠ፣ ጭቃ ቀብቶ ምድጃው አጠገብ አደረቀው። ርዝመቱም ውፍረቱም ያው ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ትንፋሹ ወረደለት።

ዓርብ ጠዋት አሕመዲን እያለከለከ መጣ።

«ጋሽ ሽብሩ! እንኳን ደስ አለን!»

«ምን ተገኘ?»

«ሌባው ነዋ! ሀደሮ ገበያ በሬዬን ሲሸጥ ያዝነው። ‹ከማላውቀው ሰው ገዝቼው ነው› ብሎ ይምላል፣ ደረቅ! ደግሞ ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ። የገመዱን አዟዟር ያን ዕለት አይቼው፣ ቲቶን ጠርጥሬ ነበር። እርስዎን አፍሬ ነው ዝም ያልኩት።»

ሽብሩ የበሩን መቃን ያዘ።

«ሰውዬው ግራኝ ነው ጋሼ፤ በሉ ገመዱን ያምጡልኝ፣ ከእሱ ሌላ ምስክር የለንም።»