የቨርን ከረጢት

ቨርን ጨዋታው ገና ሳይጀመር የወረቀት ከረጢቱን እስከ አንገቱ አጠለቀ። የሚደግፉት የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን ዓመቱን ሙሉ አንድ ጨዋታ እንኳ አላሸነፈም፤ የዛሬው ደግሞ የመጨረሻው ነበር። በዙሪያው ያሉት ደጋፊዎችም ለሐፍረታቸው መሸፈኛ ከረጢት አጥልቀዋል፤ የእነሱ ግን የዓይን ቀዳዳ አለው። «እኔ እስከ ዛሬ ያየሁት ይበቃኛል» አለ ቨርን። ሚስቱ ሎርና እየሳቀች ሰናፍጭ የተለቀለቀ ሆትዶግ በከረጢቱ ሥር አቀበለችው።

እሱን በልቶ ሳይጨርስ ስታዲየሙ በጩኸት ተናጋ።

«ምንድን ነው?»

«ታችዳውን! እየመራን ነው!»

ቨርን ከረጢቱን ሊያወልቅ ሲል ሎርና እጁን በጓንቷ መታችው። «እንዳትነካው! አንተ ካየሃቸው ይሸነፋሉ!»

«እውነታቸውን ነው» አለ ከኋላ የተቀመጠው ጎረምሳ። «አባባ፣ በእናትዎ፣ እንደታፈኑ ይቆዩልን!»

ረድፉ ሁሉ «አይወልቅም! አይወልቅም!» እያለ መዝፈን ጀመረ። ቨርን ምን ያድርግ፣ ታፍኖ ቀረ።

የመጨረሻው ፊሽካ ሲነፋ የማያውቁት ሰዎች ሁሉ እየተሻሙ አቀፉት። «ያሸነፍነው በእርስዎ ነው!» ሎርና ከረጢቱን አውልቃ በላብ የራሰ ፊቱን ሳመችው። ከዚያ ልታጥፈው ስትል በግራ ዓይኑ ትክክል አውራ ጣት የምታሾልክ ቀዳዳ አየች፤ ዙሪያዋን ሰናፍጭ ነክቷታል።

ቀና ብላ አየችው። ቨርን ወደ ሜዳው ዞሮ ያፏጫል።

ሎርና ቀዳዳዋን ወደ ውስጥ አጥፋ ከረጢቱን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። «ለከርሞ ያስፈልገናል» አለች፣ ረድፉ ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብላ።